እህት እህቷን ስታስተምር
ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ከኤችአይቪ/ኤድስ ራሳቸውን ለመጠበቅ ምን ተማሩ?

በዚህ ዕትም የጤና ዓምዳችን ስለ ኤችአይቪ/ኤድስ እንነጋገራለን። «ስለ ኤድስ ያልሰማነው ምን አለ? በሬዲዮ ሰምተናል፣ በቀበሌ ሰምተናል፣ በትምህርት ቤት ሰምተናል» የምትሉ እንደምትኖሩ እናውቃለን። እውነት ነው፤ መተላለፊያ መንገዱን የማያውቅ ሰው ዛሬ ጥቂት ነው። እኛም የምናነሳው ሌላ ጥያቄ ነው፦ አንዲት ሴት ሁሉን እያወቀች ራሷን መጠበቅ ለምን ያቅታታል?

ይህን ጥያቄ አጥብቀው ከጠየቁት መካከል በአሜሪካ የሚኖሩ ጥቁር ሴቶች ይገኙበታል። መልሱንም በየሰፈሩ፣ በየቤቱ፣ በወህኒ ቤትና በቤተ ክርስቲያን ተሰብስበው ፈልገዋል። ያገኙት ነገር ለእኛም ይጠቅማል ብለን ስላመንን ታሪካቸውን አቅርበንላችኋል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የሴቶች በሽታ አይደለም» የተባለበት ዘመን

ጁን 5 ቀን 1981 የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) በሎስ አንጀለስ ከተማ አምስት ወጣት ወንዶች ባልተለመደ የሳንባ ምች መታመማቸውን አስታወቀ። በኋላ ኤድስ የተባለው በሽታ መጀመሪያ የተሰማው በዚህ መግለጫ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ስለ በሽታው ሲወራ የሰው ዓይን የሚያየው ወንዶችን፣ ያውም ነጮቹን ነበር።

ጥቁር ሴቶች ግን በዚያው ጊዜ እየታመሙና እየሞቱ ነበር። እንደ ማኅፀን በር ካንሰር ያሉ የሴቶች ሕመሞች በመንግሥት የኤድስ መግለጫ ውስጥ ስላልተካተቱ፣ ብዙዎቹ በኤድስ እየሞቱ «ኤድስ የለብሽም» ይባሉ ነበር። በዚህም ምክንያት ለታማሚዎች የሚሰጠውን ድጎማ ሳያገኙ ቀሩ።

ይህን ለማስለወጥ ከታገሉት አንዷ ካትሪና ሃስሊፕ ናት። ካትሪና በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት በቤድፎርድ ሂልስ የሴቶች ወህኒ ቤት ታስራ የነበረች፣ ቫይረሱ በደሟ ውስጥ የተገኘ ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። በወህኒ ቤቱ ውስጥ ከሌሎች እስረኞች ጋር ሆና የታመሙትን የሚንከባከብ፣ ሌሎቹን የሚያስተምርና የሚመክር ማኅበር አቋቋመች። ከተፈታች በኋላም ዋሽንግተን ድረስ ሄዳ ከሌሎች ሴቶች ጋር በአደባባይ ጥያቄዋን አሰማች። ሲዲሲ ከጃንዋሪ 1993 ጀምሮ መግለጫውን አስፍቶ የማኅፀን በር ካንሰርን ጨመረ። ካትሪና ግን ይህን ሳታይ በዲሴምበር 1992 አርፋ ነበር።

በዲሴምበር 1994 ደግሞ «ኤሰንስ» የተባለው የጥቁር ሴቶች መጽሔት የሬ ሉዊስ-ቶርንተንን ምስል በሽፋኑ ላይ ይዞ ወጣ። ሬ የተማረች፣ ሥራ ያላት፣ አደንዛዥ ዕፅ የማትነካ ወጣት ነበረች። ኤድስም ነበረባት። «ይህ በሽታ የሚይዘው እገሌንና እገሌን ነው» ለሚል ሰው ይህ ትልቅ መልስ ነበር።

መታመን የሁለት ሰው ሥራ ነው

በአሜሪካ ከሚኖሩት ሴቶች ውስጥ ጥቁሮቹ ከመቶ 13 ያህል ናቸው። ነገር ግን ቫይረሱ እንዳለባቸው አዲስ ከሚታወቁት ሴቶች ግማሽ ያህሉ እነርሱ ናቸው። ቁጥሩ ከ2000ዎቹ ወዲህ እየቀነሰ ቢመጣም ልዩነቱ ግን አልጠፋም። ከእነዚህ ሴቶች ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ቫይረሱ የሚይዛቸው ከወንድ ጋር በሚያደርጉት ግንኙነት ነው።

ሰው ይህን ሲሰማ «ጠባያቸው ልቅ ስለሆነ ነው» ለማለት ይቸኩላል። ጥናቶች ግን እንዲህ አይሉም። በ2007 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት ጥቁር ወጣቶች ለአደጋ የሚያጋልጥ ጠባይ ሳይኖራቸው እንኳ ከነጭ እኩዮቻቸው ይልቅ በኤችአይቪና በሌሎች የአባላዘር በሽታዎች እንደሚያዙ አሳይቷል።

በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ሐኪምና ተመራማሪ የነበሩት፣ በ2024 ያረፉት ዶ/ር አዳኦራ አዲሞራ ምክንያቱን በድህነት፣ በዘር በተለያየ ሰፈርና በእስር ብዛት ውስጥ ፈልገውታል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ወንዶች በብዛት ሲታሰሩና በለጋ ዕድሜያቸው ሲሞቱ በሰፈሩ የሚቀሩት ያንሳሉ። ወንድ ባነሰበት ሰፈር አንዱ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለትና ሦስት ሴት መያዝ ይቀለዋል። ሴቲቱም «እምቢ ካልኩ ወደ ሌላዋ ይሄዳል» ብላ ስለምትሰጋ ዝም ትላለች። ሰው ወዳጁን የሚያገኘው በአብዛኛው ከሰፈሩ ስለሆነ ደግሞ ቫይረሱ በጠባብ ክብ ውስጥ ይዞራል። ስለዚህ አንድ ወንድ ብቻ የምታውቅ ሴት እንኳ አደጋው ይደርስባታል።

ቤተ ክርስቲያን ንጽሕናንና መታመንን ታስተምራለች፤ ይህ ትምህርት ትክክል ነው፣ አይለወጥምም። ነገር ግን መታመን የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዷ ብቻዋን ታምና ቤቱን ልትጠብቀው አትችልም። የእነዚህ ሴቶች ታሪክ የሚያስተምረን የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

አምስት ቀን ያስገኘው ለውጥ

በ1993 በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ፣ ቤይቪው-ሃንተርስ ፖይንት በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር፣ ዶ/ር ራልፍ ዲክሌሜንቴና ዶ/ር ጂና ዊንጉድ የተባሉ ተመራማሪዎች ከ18 እስከ 29 ዓመት የሆናቸውን 128 ጥቁር ሴቶች አሰባሰቡ። ሴቶቹንም በሦስት ቡድን መደቧቸው። የመጀመሪያው ቡድን ለአምስት ቀናት፣ በእያንዳንዱ ቀን ለሁለት ሰዓት እየተገናኘ ተማረ። ሁለተኛው ስለ ኤችአይቪ አንድ ቀን ብቻ ገለጻ ተደረገለት። ሦስተኛው ትምህርቱ ዘግይቶ እንዲሰጠው ተደረገ።

ውጤቱ በ1995 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ታትሟል። አንድ ቀን ገለጻ የተሰጣቸው ሴቶች ምንም ካልተሰጣቸው የተለየ ለውጥ አላሳዩም! መረጃ ብቻውን አልበቃም ማለት ነው። አምስቱን ቀን የተማሩት ግን ዘወትር ኮንዶም የመጠቀም ዕድላቸው በሁለት እጥፍ ያህል፣ ከወንድ ጓደኛቸው ጋር ስለ ጉዳዩ በግልጽ የመነጋገር ዕድላቸው ደግሞ በአራት እጥፍ ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ። የወንዶቹም አስተሳሰብ አብሮ ተለወጠ።

ታዲያ በእነዚያ አምስት ቀናት ምን ተማሩ? ትምህርቱ «ሲስታ» ይባላል፤ «እህት» እንደማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን ስለ ቫይረሱ አይወራም። ሴቶቹ በጥቁርነታቸውና በሴትነታቸው ስለሚኮሩበት ነገር ይነጋገራሉ፤ ጥቁር ሴቶች የጻፏቸውን ግጥሞች ያነባሉ። ራሷን ዋጋ የሌላት አድርጋ የምታይ ሴት «ራስሽን ጠብቂ» ብትባል ምኗን ትጠብቃለች? ስለዚህ መጀመሪያ ክብሯን እንድታውቅ ይደረጋል። በሁለተኛው ቀን ስለ ቫይረሱ ይማራሉ። ሦስተኛው ቀን የንግግር ቀን ነው። አራተኛው ስለ ኮንዶም አጠቃቀምና ራስን ስለ መቆጣጠር፣ አምስተኛው ደግሞ እምቢታና ችግር ሲገጥም እንዴት እንደሚቻል ነው። የምታስተምራቸውም እንደ እነርሱ ጥቁር የሆነች፣ ኑሯቸውን የምታውቅ፣ ለዚህ የሠለጠነች ሴት ናት። አቻ ለአቻ ትምህርት የሚባለው ይህ ነው።

ስለ ሦስተኛው ቀን ጥቂት እንጨምር። ሴቶቹ ሦስት ዓይነት አነጋገር ይለያሉ። አንደኛው አንገት ደፍቶ «እሺ» ማለት ነው። ሁለተኛው ተቆጥቶ መሳደብ ነው። ሦስተኛው ሳያጎነብሱና ሳይጣሉ፣ የሚፈልጉትን ረጋ ብሎ በግልጽ መናገር ነው። ይህን አንዷ እንደ ወንዱ፣ ሌላዋ እንደ ራሷ ሆነው ደጋግመው ይለማመዱታል። በእኛ አነጋገር እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

— አታምኚኝም እንዴ? እኔን በሽተኛ ማድረግሽ ነው?
— አይደለም፤ አከብርሃለሁ። ማመን ሌላ ነው፣ መመርመር ሌላ ነው። እኔም እመረመራለሁ፣ አንተም ተመርመር፤ ውጤቱንም አብረን እንይ። ከዚያ በፊት ግን የለም።

ቃሉ አጭር ነው። ነገር ግን በሌላ ሰው ፊት አንድ ጊዜ እንኳ ያልተናገረችው ሴት በጭንቅ ሰዓት ከአፏ አይወጣላትም። መለማመዱ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ሦስቱ ገመዶች

ተመራማሪዎቹ ትምህርቱን ሲያዘጋጁ ኮኔል የተባሉ የአውስትራሊያ ምሁር ስለ ፆታና ሥልጣን የጻፉትን ተጠቅመዋል። በቀላሉ ስንገልጸው ሴትን አፏን የሚያሲዟት ሦስት ገመዶች አሉ። አንዱ የገንዘብ ነው፤ የቤት ኪራይዋን የሚከፍለውን ሰው «እምቢ» ማለት ይከብዳታል። ሁለተኛው የጉልበትና የሥልጣን ነው፤ ይመታኛል፣ ያባርረኛል፣ ያጋልጠኛል ብላ ትፈራለች። ሦስተኛው የፍቅርና የልማድ ነው፤ «ከወደድሽኝ እሺ በይኝ» ሲላት፣ ብቻዋን መቅረትንም ስትፈራ ትረታለች።

እነዚሁ ተመራማሪዎች በ1997 ባወጡት ጥናት፣ የሚደበድባቸው ጓደኛ ያላቸው ጥቁር ሴቶች ስለ ኮንዶም ሲያነሱ ስድብ፣ ዱላና «ትቼሽ እሄዳለሁ» የሚል ዛቻ ከሌሎቹ ይልቅ እንደሚደርስባቸው አሳይተዋል። ስለዚህ ስለ ኤችአይቪ የሚያስተምር ሰው ስለ ጤናማ ፍቅር ሳያነሳ ማለፍ አይችልም። ጤናማ ፍቅር ያለበት ቤት «ልመርመር» ሲባል ጠብ የማይነሳበት፣ «አልፈልግም» ሲባል የሚደመጥበት፣ አንዱ የሌላውን ገንዘብና ስልክ የማይቆጣጠርበት ነው።

ለልጃገረዶች፣ ቫይረሱ ላለባቸውም

ትምህርቱ በዚያ አልቆመም። በአላባማ ክፍለ ግዛት በበርሚንግሃም ከተማ ከ14 እስከ 18 ዓመት የሆናቸው 522 ጥቁር ልጃገረዶች የተሳተፉበት «ሲህሌ» የተባለ ሌላ ትምህርት ተሰጠ። ግማሾቹ በየቅዳሜው እየተገናኙ ለአራት ቅዳሜ፣ በእያንዳንዱ ቀን አራት ሰዓት ስለ ክብራቸው፣ ስለ ቫይረሱና ስለ ጤናማ ግንኙነት ተማሩ። ሌሎቹ ስለ አመጋገብና ስለ ስፖርት ተማሩ። በ2004 የታተመው ውጤት እንዳሳየው የመጀመሪያዎቹ ይበልጥ ራሳቸውን ጠብቀዋል፤ ክላሚዲያ በተባለው የአባላዘር በሽታ የተያዙትም፣ ያረገዙትም ከእነርሱ ያነሱ ነበሩ።

በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በአላባማና በጆርጂያ በሚኖሩ፣ አብዛኛዎቹ ጥቁር በሆኑ፣ ቫይረሱ በደማቸው በሚገኝ 366 ሴቶች ላይ የተደረገ ነው። «ዊሎው» ይባላል። ከአስተማሪዎቹ አንዷ ራሷ ቫይረሱ ያለባት ሴት ናት። «እኔም እንዳንቺ ነኝ» ብላ የምትጀምር አስተማሪ ምን ያህል እንደምታጽናና መገመት አያዳግትም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን፤ ለመግለጥ ግን የሚቀበል ጆሮ ያስፈልጋል።

በሳሎን፣ በቤትና በቤተ ክርስቲያን

በአትላንታ ከተማ ዴዞን ዲክሰን ዲያሎ በ1989 «ሲስተር ላቭ» የተባለ ድርጅት አቋቋመች። የዚህ ድርጅት ትምህርት ሴቶቹን ወደ ቢሮ አይጠራም፤ ጓደኛሞች፣ ጎረቤታሞች ወይም የማኅበር እህቶች ወደሚሰበሰቡበት ቤት ይሄዳል። ሦስት አራት ሰዓት በሚወስድ አንድ ስብሰባ በሳቅና በጨዋታ መካከል ያፈሩበትን ነገር ሁሉ ያነሱታል። በ30 ቡድኖች፣ በ313 ሴቶች ላይ ተፈትኖ ሴቶቹ ይበልጥ እንዲጠነቀቁና እንዲመረመሩ እንደሚረዳ ታይቷል። ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቡና አፍልተን፣ ጽዋ ጠጥተን የምንጫወት ሕዝብ ነን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ቤተ ክርስቲያንስ? በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ የጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት ዝም ብለው ነበር። ፐርኔሳ ሲል የተባለች በሃርለም ሆስፒታል ትሠራ የነበረች የበሽታ መከላከል ሳይንስ ባለሙያ ይህ ዝምታ አሳዘናት። የአልጋ ቁራኛ የሆኑት ወገኖች የሚጸልይላቸው ሰው አልነበራቸውም። በ1989 በሃርለም ያሉትን አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ዞራ ጠየቀችና የጸሎት ሳምንት እንዲደረግ አደረገች። ይህ ሳምንት በኋላ በመላው አገሪቱ የሚደረግ ሆነ። እርሷም ያቋቋመችው ድርጅት ስሙን የወሰደው ከነቢዩ ኤርምያስ መጽሐፍ፣ ከገለዓድ መድኃኒት ነው። ስለ ኮንዶም መጻፋችን የሚከብዳቸው አንባቢዎች እንደሚኖሩ እናውቃለን። እኛ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት አንለውጥም። ነገር ግን አንዲት እህት በአደጋ ላይ ሳለች እውነቱን ብንደብቅባት ደሟን ከእጃችን የሚፈልገው እግዚአብሔር ነው።

ዛሬ ያለው ተስፋ

ሕክምናው ከዚያን ጊዜ ወዲህ እጅግ ተለውጧል። መድኃኒቱን ሳታቋርጥ የምትወስድና ቫይረሱ በደሟ ውስጥ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የቀነሰላት ሴት በግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አታስተላልፍም። ከሐኪሟ ጋር ከተመካከረች ጤነኛ ልጅ ትወልዳለች።

ቫይረሱ የሌለበት ሰው እንዳይያዝ የሚወስደው «ፕረፕ» የተባለ መድኃኒትም አለ። በአሜሪካ በ2012 ተፈቀደ፤ ጥቁር ሴቶች ግን ካላቸው ፍላጎት ጋር ሲነጻጸር ያገኙት ጥቂቶች ናቸው። በ2024 ይፋ በሆነ ጥናት በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ በየስድስት ወሩ ሌናካፓቪር የተባለውን መርፌ ከተወጉት 2,134 ወጣት ሴቶች መካከል አንዲቷም በቫይረሱ አልተያዘችም። መርፌው በአሜሪካ በጁን 2025 ተፈቅዷል። አንዲት ሴት ማንንም ሳታስፈቅድ ራሷን የምትጠብቅበት መንገድ በመሆኑ ትልቅ ነገር ነው።

ለእኛስ ምን ይነግረናል?

እዚህ በሰው አገር፣ በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቻችን ኑሮ ከአትላንታና ከሳን ፍራንሲስኮ ሴቶች ኑሮ ይለያል። ሦስቱ ገመዶች ግን እዚህም አሉ። ደመወዟን ለቤተሰብ ልካ ባዶ እጇን የቀረች አለች። ከአሠሪዋ ቤት ወጥታ መኖሪያ ፈቃድ አጥታ በሰው ክፍል የተጠጋች አለች። ከብቸኝነት ብዛት በስልክ የተዋወቀችውን ሰው ማንነቱን ሳትጠይቅ ያመነች አለች። ስለዚህ የሚከተሉትን እንድታስታውሱ እንለምናችኋለን።

1. ከማንም ጋር ከመጣመራችሁ በፊት፣ ወደ አገር ገብታችሁ ከመጋባታችሁም በፊት ሁለታችሁም ተመርመሩ። ቫይረሱ በያዘ ማግስት በምርመራ አይታይምና ከሦስት ወር በኋላ ድገሙት። ለጉዞ የተደረገላችሁ ምርመራ የሚናገረው ስለዚያ ቀን ብቻ ነው።

2. በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለመኖሪያ ፈቃድ የሚደረገው የጤና ምርመራ ኤችአይቪን ይጨምራል፤ ቫይረሱ የተገኘበት የውጭ አገር ሠራተኛም ወደ አገሩ እንዲመለስ ይደረጋል። ስለዚህ በምትኖሩበት አገር በፈቃዳችሁ ከመመርመራችሁ በፊት ውጤቱ ለማን እንደሚነገር ጠይቁ፤ ከምታምኑት ሰው ጋርም ተመካከሩ። ቫይረሱ ተገኝቶባት የምትመለስ እህት ሕክምናው በአገራችን ከ2005 ጀምሮ በነፃ እንደሚሰጥ ትወቅ።

3. የመደፈር አደጋ የደረሰባት እህት ጥፋቱ የእርሷ አይደለም። በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረና ለ28 ቀን ከተወሰደ ቫይረሱ እንዳይይዝ የሚከላከል መድኃኒት አለ፤ በቶሎ በተጀመረ መጠንም ይበልጥ ይሠራል። ሳትዘገዩ ለምታምኑት ሰው፣ ለቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ወይም ለኤምባሲ ንገሩ፤ ወደ ሐኪም ብቻችሁን አትሂዱ።

4. መድኃኒት የጀመራችሁ አታቋርጡ። ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም፤ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ2007 ምእመናን ሁለቱን አብረው እንዲጠቀሙ መክረዋል።

5. በዕረፍት ቀናችሁ ስትገናኙ ይህን ጉዳይ አንሱት። «እምቢ» ማለትን እርስ በርስ ተለማመዱ። ቫይረሱ ያለባትን እህት ከማዕዳችሁ አትለዩአት፤ በአንድ ሳህን በመብላት፣ በመተቃቀፍ፣ በአንድ ክፍል በማደር አይተላለፍም። ምስጢሯንም ጠብቁላት።

ማንበብ የማትችል እህት በአጠገባችሁ ካለች ይህን ጽሑፍ አንብቡላት። ከቤት እንድትወጣ የማይፈቀድላት ካለችም በስልክ ንገሯት። ጥያቄ ያላችሁ ከጉባኤ በኋላ የእህቶች ክፍል አገልጋዮችን አነጋግሩ፤ የነገራችኋቸው በምስጢር ይጠበቃል።

እግዚአብሔር በሄዳችሁበት ይጠብቃችሁ፤ በሰላም ለአገራችሁ ያብቃችሁ። አሜን።